የዝምታ ፈቃድ

ወንድሜን አልወደውም ብል ሰው ይታዘበኛል፤ ይታዘበኝ! የባሌን ፈጠራ የወሰደው እሱ ነው፣ ያውም ሳይሰርቅ።

ባሌ ቶርኖ ቤት ነው የሚሠራው። የግንባታ ሊፍት ገመዱ ሲበጠስ ሳጥኑን አየር ላይ ጨምድዶ የሚይዝ ፍሬን ፈለሰፈ፤ የፈጠራ ባለቤትነት መብቱንም በስሙ አስመዘገበ። ወንድሜ አየና በራሱ ወርክሾፕ ማምረት ጀመረ። «አማቼ አይደል? ምን ይለኛል?» አለ። እውነትም ምንም አላለውም። እንዲያውም ሥራው ባስቸገረው ቁጥር ይደውልለታል፤ ባሌም ሞረዱን ይዞ ሄዶ ያስተካክልለታል፣ ሠራተኞቹንም ያሳያል። «ዝምታ ለበግም አልበጃት» ስለው፣ «የሚስቴን ወንድም ከስሼ የት እገባለሁ? ሰውስ ምን ይላል?» ይለኛል።

ከዚያ ወንድሜ የፍሬኑን ሞላ በርካሽ ቀየረው። ባሌ አንዱን በጣቱ ተጭኖ አየና «ይሄ አይይዝም፣ ሰው ይገድላል» አለው። ወንድሜ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሕንፃ ላይ ገመድ ተበጠሰ፤ ፍሬኑ አልያዘም፤ ከሲሚንቶው ጋር የተሳፈረው የቀን ሠራተኛ ከነሳጥኑ ወርዶ ሞተ።

ባሌ ለግንባታ ተቆጣጣሪዎች አመለከተ። «እናጣራለን» አሉት። ቢጨንቀው በፈጠራ መብቱ ወንድሜን ከሰሰ። ካሣ አልፈለገም፤ የለመነው ያ ፍሬን መመረቱ እንዲቆም ብቻ ነበር። የሟች እናት በየቀጠሮው እየመጣች ከኋላችን ትቀመጥ ነበር።

«አትሥራ ብለውት ያውቃሉ?» አሉት ዳኛዋ።

«ሞላውን ቀይር ብዬዋለሁ።»

«አትሥራ ብለውታል ወይ ነው የምልዎት።»

«የሚስቴ ወንድም ነው፣ ክብርት ዳኛ። እንዴት ብዬ?»

«ሞላው ከተቀየረ በኋላስ ወርክሾፑ ሄደዋል?»

«ሄጃለሁ። ቢያንስ እኔ የነካኋቸው ፍሬኖች እንዲይዙ ብዬ።»

የወንድሜ ጠበቃ ይቺን ቀለብ አድርጎ ጻፋት። ውሳኔው ረጅም አልነበረም፦ በቃል ባይናገርም በሥራው ፈቅዷል፤ ሌላው ፈቃዱን አምኖ ወርክሾፕ ካቋቋመ ወዲያ መልሶ መከልከል አይችልም፤ የሞላው ጥራት ይህን ችሎት አይመለከትም። ወንድሜ ጭራሽ ኮሪደሩ ላይ ባሌን አቅፎ «እኔ ቂም የለኝም» አለው።

እሱ ሲሄድ የሟች እናት ቀስ ብላ መጣችና የባሌን እጅ ያዘች። ከውሳኔው የገባት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ልጄ፣ ዳኛዋ ያሉት እውነት ነው? ፈቅደህለት ነበር?»

«አልፈቀድኩም በላት» ብዬ በክርኔ ጎሸም አደረግሁት። ስለ ይሉኝታው፣ ስለ ዝምድናው፣ በእኔ የተነሳ ስለዋጠው ሁሉ ሊነግራት ይችል ነበር። መናገርም ጀምሮ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው።

«አዎ፣ እማማ» አላት። «ፈቅጄለት ነበር።»

እጁን ለቀቀችው።