የሰጂዳ ድርሻ

ሰጂዳ ያደገችው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሃይስኩል የኳየር አስተማሪዋ "ይህ ድምፅ የራሱ መምህር ያስፈልገዋል" ብላ ስትወተውት፣ እናቷ ዓይሻ አጠያይቃ እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩትን እትዬ የወይንሐረግን አገኘችላት። እሳቸው በደርግ ጊዜ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ተልከው የኦፔራ ዘፈን የተማሩ፣ ወንድማቸው ሲታሰር አገር ቤት መመለስ ፈርተው በስደት የቀሩ ሴት ናቸው። መድረክ ሳይወጡ ዕድሜያቸው ነጎደ። አዘቦት ቀን ሕፃናት ማቆያ ይሠራሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰጂዳን ሳሎናቸው ውስጥ ያስተምራሉ።

መጀመሪያ ላይ ብዙም አላዘፈኗትም። ምንጣፍ ላይ በጀርባዋ አስተኝተው፣ ሆዷ ላይ ወፍራም መጽሐፍ ጭነው "ተንፍሺ! በደረትሽ አይደለም፣ ከሥር!" ይሏት ነበር። የጣልያንኛውና የጀርመንኛው ዘፈን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እያደር ድምፅዋ ሲከፈት ጎረቤቶች በራቸውን ገርበብ አድርገው መስማት ጀመሩ።

አባቷ ብቻ ሰምቷት አያውቅም። በድረዲን የወሎ ሰው ነው፤ ዲኑን አጥባቂ፣ ንግግሩ ቁጥብ። "ልጄ ባዕድ ወንድ ፊት ቆማ ስትዘፍን ከማይ ዓይኔ ይጥፋ" ብሎ ነበር። በኋላ ቁጣው ቢበርድም፣ ኮንሰርት በተባለ ቁጥር "ሺፍት አለብኝ" ይላል። ሰጂዳም መጋበዙን ተወችው።

ኮሌጅ እንደጨረሰች፣ በፈረንጆቹ 2014፣ አሌክሳንድሪያ ያለ አንድ ትንሽ የኦፔራ ቡድን ዋናውን የሴት ድርሻ ሰጣት። ልምምድ ሊጀመር ሲል አንገቷ ላይ እብጠት ዳሰሰች። ሐኪሙ የታይሮይድ ካንሰር ነው አላት። ቶሎ ከወጣ ትድናለች፤ ነገር ግን እብጠቱ ድምፅ የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭ ተጠግቷል።

በቀጥታ እትዬ የወይንሐረግ ዘንድ ሄደች። "ሾው እስኪያልቅ ኦፕራሲዮኑን ባቆየውስ?" አለቻቸው።

እሳቸው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። "አንቺ መድረክ ላይ ስትቆሚ ለማየት ስንት ዘመን ጠብቄያለሁ መሰለሽ" አሉ። "ነገ ጠዋት ደውለሽ ቀጠሮ ያዢ።"

ካንሰሩ ወጣ። ነርቩ ግን ከእብጠቱ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ሊተርፍ አልቻለም። ሰጂዳ ስትናገር ድምፅዋ የሻከረ ሹክሹክታ ሆነ። የድምፅ ቴራፒ ተመላለሰች፤ እናቷ ዱዓ አደረገች፤ ያ ከፍ የሚለው ድምፅ ግን አልመለስ አለ። ድርሻው ለሌላ ዘፋኝ ተሰጠ።

ሾው የተከፈተ ዕለት በድረዲን ኮቱን ለብሶ በር ላይ ቆመ። "ትሄጃለሽ አይደል? አብሬሽ ልሂድ።"

እስከ መጨረሻው አጠገቧ ተቀመጠ። ከወጡ በኋላ ፓርኪንግ ውስጥ ሞተሩን ሳያስነሳ "የቷ ነበረች ያንቺ?" አላት።

"ነጭ የለበሰችው።"

"እንደሷ ነበር የምትዘፍኚው?"

ሰጂዳ ሻርቧን አንገቷ ላይ ጠበቅ አደረገችው።

"ሪኮርድ የተደረገ የለሽም?" አለ አባቷ፣ መሪውን እያየ።

ነበራት። ስልኳን ከፍታ የምረቃ ኮንሰርቷን አወጣችለትና እጁ ላይ አስቀመጠችለት። እሷ ለመስማት አቅም አጣች፤ ወጥታ በሩን ዘጋችና ብርዱ ውስጥ ጀርባዋን ለመኪናው ሰጥታ ቆመች። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ቢሆንም ይሰማታል። ዘፈኑ ሲያልቅ አባቷ እንደገና ከመጀመሪያው ከፈተው።