የሐሙሱ ቲያትር

ርዕሰ መምህሩ የሚያለቅሰው በመሀረብ ነው። አንዱን ዓይኑን ይጠርግና ማን እንዳየው ዞር ብሎ ያያል፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል።

«እኔና እሷ» አለ፣ ግቢው ውስጥ በተደረደሩት የኪራይ ወንበሮች ላይ የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ተማሪዎቻችን ቲያትር፣ ዳንስ፣ ሙዚቃ በዓይናቸው እንዲያዩ ብለን ይሄን ነገር የጀመርነው እኔና እሷ ነን። ስንቱን ፈተና አብረን አለፍነው!»

«ፈተናው አንተ አልነበርክ እንዴ?»

ይህን ያለችው ልጅ የሻይ ትሪ ተሸክማ ከጀርባው ቆማለች። ሰፈሩ ምላጭ ይላታል። የሞተችው አክስቷ ናት፤ የእናቷ ታላቅ እህት፣ የቋንቋ መምህርት፣ ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ልቧ ቆሞ እዚያው የቀረች።

ወንበሮቹ ሲጢጥ ሲጢጥ አሉ። ርዕሰ መምህሩ ግን እንዳልሰማ ሆነ፤ ያልሰማ መምሰል ይችልበታል። ጥግ ላይ የተቀመጠችው እናቷ ቀና ሳትል «ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አዳርሺ» አለቻት።

«እና» ብሎ ቀጠለ ሰውዬው፣ «ለክብሯ ስንል የሐሙሱን ቲያትር ሰርዘነዋል። በዚያ ሰዓት ተማሪዎቹ በሙሉ እዚህ መጥተው ሐዘናቸውን ይገልጻሉ።»

«ደግ አደረጋችሁ» አለ አንዱ።

«ይገባታል» አለ ሌላው።

ምላጭ ትሪውን ሰው ጭን ላይ አስቀመጠችው። የማን ጭን እንደሆነ እንኳ አላየችም። ኩሽና ገብታ በሩን ስታላትመው የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

የፀጉር ቤቷ ባለቤት፣ ማለትም አሠሪዋ፣ ተከትላት ገባች። «ኧረ ተይ አንቺ ልጅ! ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል! ሰርዘነዋል እኮ ነው የሚለው! ይሄን ቲያትር ለማስፈቀድ ስንት ወር ቢሮው በር ላይ ቆማለች። ‹ተቀመጪ› እንኳ ብሏት አያውቅም። ‹ሒሳብ የወደቀ ልጅ ጭፈራ ምን ይሠራለታል?› ነበር መልሱ። ስትሞትለት ጊዜ ‹እኔና እሷ› ሆነ።»

«እሺ፣ ልክ ነሽ። ግን የድሮ ቂሟን ልትወጣ ነው ይሉሻል።»

ቂሙስ አለ። ምላጭ ሰባተኛ ክፍል ሳለች ርዕሰ መምህሩ ጠዋት ሰልፍ ላይ ማይክ ጨብጦ ሰዓት ስለማክበር ሲናገር፣ ሲናገር፣ ሲናገር ቆየና እሷ ከመሃል «ጋሼ፣ አንደኛው ክፍለ ጊዜ አለቀ እኮ» አለች። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ይቅርታ ካልጠየቅሽ ክፍል አትገቢም ተባለች። አልጠየቀችም፣ አልገባችም። ይኸው እስከ ዛሬ የሰው ፀጉር ታጥባለች።

ያን ጊዜ እናቷ ሳምንት ሙሉ ስትጮህባት አክስቷ ምንም አላለቻትም። አንድ ቀን ብቻ ከአንዷ ተማሪ የትምህርት ቤቱን ሹራብ ተውሳ መጣች።

«ልበሺው። ቲያትር ልንሄድ ነው።»

«እኔ እኮ ከትምህርት ቤቱ ወጥቻለሁ።»

«ቲያትር ቤቱ የሱ አይደለም። ልበሺው አልኩ እኮ!»

እዚያ መብራቱ ሲጠፋ ልጁ ሁሉ ፏጨ፣ ጮኸ፣ ወንበር ደበደበ። ምላጭም ፏጨች፣ ለምን ይቅርባት። ከዚያ መጋረጃው ተከፈተ፤ አፏ ተከፍቶ መቅረቱን ያወቀችው ምራቋ ሲደርቅ ነው። አክስቷን ስትፈልግ ከፊተኛው ረድፍ አገኘቻት። ወንበሩ ላይ እንደ ሕፃን ተንበርክካ፣ ጀርባዋን ለመድረኩ ሰጥታ፣ ልጆቹን ነበር የምታየው። ቲያትሩ እስኪያልቅ አንዴም አልዞረችም።

አውቶቡሱ ውስጥ ጠየቀቻት። «አክስቴ፣ አንቺ መቼ ልታዪው ነው?»

«ቲያትሩንማ አውቀዋለሁ። እናንተ የት ጋ እንደምታዛጉ ነው የማላውቀው።»

የት ጋ እንዳዛጉ አይታ ተዋንያኑ ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል ትገባና አንድ በአንድ ትነግራቸዋለች። ይፈሯታል። ዋናው ተዋናይ ገና ከበሩ ሲያያት የለጠፈውን ጺም እየነቀለ «መጣችልህ!» ይል ነበር።

በማግስቱ ለቀስተኛው በዛ። ሁለት የሰፈር ሴቶች በር አጠገብ ተጠጋግተው ያወራሉ።

«ሳትወልድ መቅረቷ ነው የሚያሳዝነኝ።»

«የሰው ልጅ እየነዳች ከጭፈራ ቤት ጭፈራ ቤት ስትዞር መቼ ጊዜ አገኘች ብለሽ!»

ምላጭ ስኳር ይዛ ከበላያቸው ቆመች። «ስኳር ልጨምርልሽ፣ እትዬ?»

«ይበቃኛል፣ የኔ ልጅ።»

«ኧረ ልጨምርልሽ፣ አፍሽ መሮሻል።» ሦስት ማንኪያ ገለበጠችባት።

ግን ንዴቷ አልበረደም። ሰዎቹ አክስቷን አያውቋትም፤ አለማወቃቸው ሳያንስ ያዝኑላታል። ሌላ ጊዜ አውቶቡሱን ያስቆመችበትን ቀን ማን ነገራቸው? መድረኩ ላይ አንዲት ልጇ የጠፋባት አሮጊት ነበረች። ቲያትሩ ሊያልቅ ሲል ሙዚቃው ቀጥ ይልና አሮጊቷ ብቻዋን፣ ያለ ከበሮ ያለ ምን፣ ትጨፍራለች። አክስቷ እሑድ ገብታ አይታው ነበር። ለተማሪዎቹ በቀን ሲያሳዩ ግን ያቺን ጭፈራ ዘለሏት። መጋረጃው ተዘጋ፣ ልጆቹ አጨበጨቡ፣ አውቶቡስ ላይ ወጡ፣ ሹፌሩ ሞተር አስነሳ።

«አጥፋው» አለችው አክስቷ።

«ቲቸር፣ መንገዱ ይዘጋጋል።»

«አጥፋው፣ ጨርሰን አላየንም።»

ወርዳ ተመልሳ ገባች። ያኔም በተውሶ ሹራብ የመጣችው ምላጭ ተከተለቻት። ተዋንያኑ ግማሹ ሱሪ ለብሶ፣ ግማሹ ፊቱን በቅባት እየጠረገ ነበር።

«አሮጊቷስ?» አለቻቸው።

«ቲቸር፣ ልጆች እኮ ናቸው፣ ይሰለቻቸዋል» አለ ዋናው ተዋናይ፤ ጺሙን ነቅሎት ነበር። «ለተማሪ ሁሌም እንዘላታለን፣ ማንም ጠይቆን አያውቅም።»

«የሰለቻቸው እንደሆነ እነሱ ይነግሩኛል፤ አንተ ምን አገባህ? ግማሽ ቲያትር ላሳያቸው ነው ያመጣኋቸው?»

ልጆቹ ከአውቶቡስ ወርደው ተመልሰው ተቀመጡ። አሮጊቷን የምትሠራው ተዋናይ ግማሽ ፊቷ የአሮጊት፣ ግማሽ ፊቷ የራሷ እንደሆነ ወጣች። ጨፈረች። የእግሯ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ያ ሁሉ ፉጨተኛ ትንፍሽ አላለም፤ አንድም ልጅ አላዛጋም። ወደ ቤት ሲመለሱ የወላጅ ስልክ ርዕሰ መምህሩን አስጨነቀው፣ ልጆቹ አመሹ ተብሎ። በማግስቱ በሰልፍ ፊት በማይክ ነው የሰደባት።

ማምሻውን፣ ሰው ሲቀንስ፣ ምላጭ እናቷን ብርጭቆ ስትለቃልቅ አገኘቻት።

«ለምን ዝም ትያለሽ? እህትሽ አይደለች?»

«ለቅሶ ላይ ነን። ሰው አይሰደብም።»

«ቲያትሩ ቢሰረዝ ሁለተኛ የሚወስዳቸው የለም። ገባሽ? ሐሙስ ከቀረ ቀረ! እሱ የፈለገው ይሄንኑ ነው።»

«እና እኔ ምን ላድርግ? ሃያ ዓመት ተይ አልኳት። ለራስሽ ሁኚ አልኳት። መቼ ሰማችኝ?»

«አንቺም ከሱ አትሻዪም።»

እናቷ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ትመታኛለች ብላ ምላጭ ጉንጯን አዘጋጅታ ጠበቀች። እናቷ ግን እጇን በቀሚሷ አድርቃ ወጣች። ቢመቷት ይሻላት ነበር።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ አውቶቡሱ በር ላይ ቆመ። ልጆቹ በአንድ ረድፍ ገቡ፤ ርዕሰ መምህሩ ከፊት፣ መሀረቡ በእጁ። ከኋላ የነበረች የፊት ጥርስ የሌላት አንዲት ትንሽ ልጅ የተደረደሩትን ወንበሮች አየች፣ ከፊት ለፊታቸው ያለውን ባዶ ቦታ አየች፣ ከዚያ የምላጭን ቀሚስ ጎተት አደረገች።

«ቲያትሩ እዚህ ነው እንዴ?»

ምላጭ ጎንበስ አለችላት።

«ቲቸር ሐሙስ ብላን ነበር» አለች ልጅቷ። «ሐሙስ ዛሬ አይደል?»

«ዛሬ ነው» አለች ምላጭ፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ። «ዛሬ ነው፣ ቲያትሩም ያለው እዚህ አይደለም። ተነሡ! ተዋንያኑ ለእሷ ሲሉ ይጫወታሉ፤ አውቶቡሱም አልሄደም። እኔ እወስዳችኋለሁ።»

«አንቺ?» ርዕሰ መምህሩ ፈገግ አለ። «አንቺ ራስሽ ከትምህርት ቤት የተባረርሽ ልጅ? መምህራኑ ለቅሶ ላይ ናቸው። የሰው ልጅ ነው፣ ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል? ልጆች፣ ቁጭ በሉ።»

ልጆቹ ቁጭ አሉ። መምህራኑ ጫማቸውን ያያሉ።

«እኔስ?»

ግቢው ሁሉ ዞረ። እናቷ ከጥጓ ተነሥታ ቆማለች።

«እርስዎማ ባለ ሐዘን ነዎት» አለ ርዕሰ መምህሩ። «እንዴት ተደርጎ? ሰው ምን ይላል?»

«እህቴን በዚህ ነገር ሃያ ዓመት ጨቅጭቄያታለሁ። እህቴ ናት፣ ያምርብኛል። አንተ ምኗ ነህ?»

«እኔማ አለቃዋ…»

«ነበርክ። አሁን አለቃ የላትም።»

ከወንበሮቹ መሃል የሆነ ሰው ሳል መሰል ነገር አሰማ፤ የፀጉር ቤቷ ባለቤት ናት፣ ሳቋን ስታፍን እንዲህ ነው የሚያደርጋት። ርዕሰ መምህሩ ወደ መምህራኑ ዞረ። ማንም ቀና አላለም። ከውጭ ሹፌሩ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሞተሩን አስነሣ።

ያኔ ልጆቹን ማን ይያዛቸው! ወንበር ወደቀ፣ አንዱ ሌላውን ረገጠ፣ በሩ ላይ ተጋፉ። ጥርስ የሌላት ልጅ የምላጭን እናት እጅ ቀድማ ያዘች። እናትየዋ ራሷ ላይ ያሰረችውን ጥቁር ሻርፕ ፈታ ምላጭ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«ልጆቹን ጥቁር ለብሼ አልወስዳቸውም» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እዚያ ሲገባ ምን ይደረጋል?» አለቻት።

«ምንም። ቁጭ ብለሽ ታያለሽ።»

«በቃ?»

«በቃ። እኔም እመጣለሁ፣ አሳይሻለሁ።»

«አንቺ አትሄጂም። ሰው ይመጣል፣ ቤቱ ባዶ አይሆንም።»

«እማ!»

«አንዳችን መቀመጥ አለብን።»

ምላጭ ልትጮህ አፏን ከፈተች። አውቶቡሱ ውስጥ ግን ልጆቹ መስኮት ላይ ተለጥፈው ይጠብቃሉ። አፏን ዘጋችው። ከዚያ ሁሉ ንዴት የከበዳት ይሄኛው ነበር፤ የምትቆጣው ሰው የለበትም።

አውቶቡሱ ሲሄድ ርዕሰ መምህሩ የወደቀውን ወንበር አንሥቶ አስተካከለና ሳይሰናበት ወጣ። መምህራኑም ተከተሉት። ምላጭ የእናቷ ጥግ ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

ብዙም ሳይቆይ ከሩቅ የመጣ አንድ ሽማግሌ ዘመድ ከበሩ ጀምሮ «ወይኔ እህቴን! ወይኔ!» እያለ ገባ። አቀፋት፣ ግንባሯን ሳመ፣ ዙሪያውን አማተረ።

«እናትሽስ? የት ናት እናትሽ?»

«ቲያትር ቤት።»

ሽማግሌው ለቅሶውን አቋረጠ። «የት አልሽ?»

«ቲያትር ቤት ናት፣ አባባ። የአክስቴን ልጆች ይዛ ሄዳለች። ትመጣለች፣ ይቀመጡ።»

ሽማግሌው ዞር ብሎ በሩን አየ። ምላጭ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችው። ከዚያ የእናቷን ጥቁር ሻርፕ ራሷ ላይ ጣል አደረገችና ጫፉን በጥርሷ መሃል ነክሳ ያዘችው።