በስልክ የጸደቀ ሰማያዊ

የውሃ ማጣሪያ ኩባንያው ዲዛይነር ከትምህርቱ ይልቅ በዓይኑ የሚመካ ሰው ነበር። ሌላው ሰው ሰማያዊ ብሎ የሚያልፈውን እሱ በአሥራ ሁለት ስም ከፋፍሎ ይጠራዋል፤ ልዩነቱ ያልታየውን ሰው ደግሞ ሐኪም በሽተኛን እንደሚያይ በርኅራኄ ይመለከተዋል። የስድስት ወር የሙከራ ጊዜው የሚያበቃው በዚያው ሳምንት ነው። ቋሚ ሠራተኛ መሆኑ ወይም መሰናበቱ ሐሙስ ለሥራ አስኪያጁ በሚያቀርበው ብሮሸር ላይ ተንጠልጥሏል።

በብሮሸሩ የፊት ገጽ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይታያል። ውሃውን ለማሳመር ሦስት ሳምንት ፈጅቷል። በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ብርጭቆው ከውስጥ መብራት የበራበት ይመስል ነበር። በርግጥም በርቶበታል፤ ስክሪን ቀለምን ሁሉ የሚሠራው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን ነውና። ዲዛይነሩ ግን ድምቀቱን ሁሉ ከራሱ ጥበብ ቆጥሮታል።

ብሮሸሩ የሚታተምበትን ማተሚያ ቤት የምታስተዳድረው ታላቅ እኅቱ ናት። ፋይሉ እንደደረሳት ደወለችለት።

«ይሄ ለስክሪን እንደተሠራ ነው የመጣው። ወደ አራቱ የህትመት ቀለሞች አልቀየርከውም።»

«ስቀይረው ይደበዝዛላ፣ እትዬ።»

«ወረቀት ላይም መደብዘዙ አይቀርም። አሁኑኑ አይተህ ብታስተካክለው አይሻልህም?»

«ማሽንሽ አርጅቶ እንዳይሆን።»

«ማሽኔ አምፖል የለውም፣ ፕሮፌሰር። የሚቀባው ቀለም ነው። ናሙና አውጥቻለሁ፤ መጥተህ በዓይንህ እይና ፈርም።»

ማተሚያ ቤቱ በአውቶቡስ ሁለት ፌርማታ ነው። ዲዛይነሩ ግን በሐሙሱ ስብሰባ ስለ ቀለም ረቂቅነት የሚያደርገውን ንግግር እየተለማመደ ስለነበር ጊዜ አልነበረውም። ናሙናውን ፎቶ አንሥታ እንድትልክለት አዘዛት። ፎቶው ሲደርሰው ትንሽ ፈዘዝ ያለ መሰለውና የስልኩን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው። ውሃው ወዲያው ፈካ።

«ግሩም ነው፤ አትሚው» ብሎ ጻፈላት።

«ወረቀቱን ሳታይ?»

«አየሁት እኮ።»

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሺህ ብሮሸር በካርቶን ደረሰለት። የመጀመሪያውን ሲያወጣ በብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ካልሲ የታጠበበት ይመስላል። ሁለተኛውን አወጣ። ከሥር ያሉት የተሻሉ ይሆናሉ ብሎ እስከ ካርቶኑ ወለል ድረስ በረበረ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ስልኩን አነሣ።

«ምን ሠራሽኝ፣ እትዬ?»

«ያጸደቅኸውን።»

«ይሄንን አላጸደቅሁም።»

«ልክ ነህ። ያጸደቅኸው ስልክህን ነው።»

ወደ ስብሰባው ሲሄድ በኮሪደሩ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጀ፤ ጥፋት ያለበት፣ ጥፋተኛ ግን የሌለበት ዓረፍተ ነገር። ሥራ አስኪያጁ ብሮሸሩን አገላብጠው ውሃው ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁት ያንኑ አቀረበ።

«በህትመት ሂደት የቀለም መዛባት አጋጥሟል።»

«ማተሚያ ቤቱ አበላሸው በለኛ። እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ሥራችን እዚያ አይሄድም። መዝግቢው» አሉ፣ ቃለ ጉባኤ ወደምትይዘው ጸሐፊ ዞረው።

ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አነሣች። የእኅቱ ማተሚያ ቤት ግማሽ ሥራ የሚመጣው ከዚህ ኩባንያ ነበር። ዲዛይነሩ የእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱን ሲነካ አየ።

«አይጻፍ» አለ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ለስክሪን የሚሆን ቀለም ላክሁ። አታሚዋ ብትነግረኝም አልሰማሁም። ናሙናውንም በስልክ አይቼ አጸደቅሁ።»

«በስልክ» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «እዚህ ቤት ውሃን በፎቶ አይቶ ንጹሕ ነው ብሎ የሚፈርም ሠራተኛ ቢገኝ ምን ይደረጋል?»

«ይሰናበታል» አለ ዲዛይነሩ፤ የኩባንያውን ደንብ ያውቃል።

ሥራ አስኪያጁ ብሮሸሩን እንደገና አዩት። አላሰናበቱትም፤ የሙከራ ጊዜውን በሦስት ወር አራዘሙት። ሦስት ሺው ብሮሸርም እንዳይጣል አዘዙ፤ ከብርጭቆው ሥር «ከመጣራቱ በፊት» የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ከተጣራ በኋላ ያለው ውሃ በሌላ ወረቀት ታትሞ በውስጡ ይገባል። «ለዚህስ ከዚህ የተሻለ ሥዕል አይገኝም» አሉ፤ ሲናገሩም ፊታቸው ላይ የሳቅ ምልክት አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ወደ እኅቱ ሄደ። ከጎኗ ተቀምጦ ሥዕሉን ወደ አራቱ ቀለሞች ቀየረው፤ የደበዘዘውንም እሷ እየመራችው አስተካከለ። አዲሱን ናሙና በመስኮቱ ብርሃን ያዘችለት። ውሃው ውሃ ይመስላል፤ አያበራም።

«ከዚህ በላይ አይደምቅም?»

«አይደምቅም። ቀለም እስከዚህ ድረስ ነው።»

ብዙ ካየው በኋላ «ይሁን፤ ሥራ አስኪያጁ ይዩት» አለና ፎቶ ሊያነሣው ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

እኅቱ ስልኩን ወስዳ ወደ ኪሱ መለሰችው። ናሙናውን በሁለት ካርቶን መካከል አድርጋ በብብቱ ሥር አስገባችለትና በሩን ከፈተችለት።