ይቅር ብላለች

እኔ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። መሪውን ተማሪው ይይዛል፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እግሬ ሥር ያለችውን ትርፍ ፍሬን እጠብቃለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ትዕግሥተኛ ነው ብሎ የሚያስብ አይጠፋም። የካቶሊክ ቁምስናችን አባም እንደዚያ አስበው መሰለኝ፣ የሳምንቱን የወንጌል አስተንትኖ እንድጽፍ እኔን መረጡ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ የምትታደል አንዲት ወረቀት ናት። የሚያነባት ያነባታል፤ የማያነባት ሙቀት ሲበዛበት ያራግብባታል።

ወረቀቷ የምትወለደው ሐሙስ ከሥራ መልስ እኛ ቤት ነው። የፊተኛዋ ክፍል የባለቤቴ የስፌት ክፍል ናት። የጨርቅ ጥቅሎቹን ወደ ግድግዳ እንገፋና ጎረቤቶች በቦታው ይቀመጣሉ፤ እኔ የመጪውን እሑድ ወንጌል አነባለሁ፤ ከዚያ ሁሉም የመሰለውን ይናገራል። ባለቤቴ የምታዳምጠው እየሰፋች ነው። ቃሉ ደስ ሲላት የስፌት መኪናው ቀስ ይላል። ቃሉ ከነካት ግን ፔዳሉን ትረግጠዋለች፣ እኛም መጮህ እንጀምራለን። በቤታችን ሁለት መኪና አለ፤ ፍሬን ያለው የኔ ብቻ ነው።

የዚያ ሳምንት ንባብ ጴጥሮስ ጌታን «ወንድሜ ቢበድለኝ ስንት ጊዜ ይቅር ልበለው?» ብሎ የጠየቀበት ነበር። ገና ሰኞ ገጹን ገልጬ መልሼ ዘጋሁት። ምክንያቱም ባለቤቴና ታናሽ እህቷ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ የሰፈሩን ሰው ሁሉ አልብሳ ስታበቃ፣ ለልጃችን የምረቃ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሷ ቀሚስ ሰፋች፤ አረንጓዴ፣ ትልልቅ አበባ ያለበት። ደስ ብሏት እንግዳ ስትቀበል ታናሿ በሩ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «እትዬ፣ መጋረጃውን ለብሰሽ መስኮቱን ራቁቱን ትተሽው መጣሽ?» አለቻት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቴ ያን ዕለት እንግዶቹን እስከ መጨረሻው በፈገግታ ሸኘች። ከዚያ በኋላ ግን ቀሚሱን ያየ ሰው የለም፤ የእህቷም ስም በቤታችን አልተነሳም። ታናሿ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ኬክ ቤት አላት። ባለቤቴ በዚያ በኩል ላለማለፍ ዳገቱን ዞራ ትመጣለች።

አሁን ልጃችን ልታገባ ነው፤ ሰርጉ በቀጣዩ ሳምንት ነው። ክርስትና ያነሳቻት ደግሞ ያቺው አክስቷ ናት። ልጄ ከእጮኛዋ ይልቅ ስለ እሷ ታወራ ጀመር። «አባዬ፣ አቅፋ ያስጠመቀችኝ ሴት ማግባቴን ከሰው ትስማ?» ትለኛለች። ምን እላታለሁ? እኔ ስለ ይቅርታ ለአንድ ቁምስና ሕዝብ እጽፋለሁ፤ ሚስቴን ግን እፈራለሁ።

ሐሙስ ደረሰ። የጴጥሮስን ጥያቄ ሳነብ የስፌት መኪናው ማጓራት ጀመረ። ድምፄን ከፍ አደረግኩ፤ እሷም ጨመረች። የጌታን መልስ የሰማ ሰው ካለ በእምነት ነው የሰማው። ከሁሉም የባሰባቸው ጋሽ አሜን ነበሩ። ጋሽ አሜን የቤተ ክርስቲያናችን ደዋይ ናቸው፤ ጆሯቸውን ደወሉ በልቶታል። ከሦስት ቃል አንዱን ይይዙና ለቀሩት ሁለቱ «አሜን» ይላሉ፤ ቅጽል ስሙም የወጣላቸው ከዚያ ነው።

ውይይቱ አልቆ ሰው ሲነሳ ልጄ ወደ እናቷ ጠጋ አለች። «እማዬ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ነገ ቀሚሱን ስለካ አክስቴን ልጥራት?»

«ይቅር!» አለች ባለቤቴ፣ ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሳ።

«እማዬ፣ እባክሽ…»

«ይቅር አልኩ፣ ይቅር!»

ጋሽ አሜን ኮታቸውን አንድ እጅጌ አጥልቀው በሩ ላይ ቀጥ አሉ። ፊታቸው በራ። «አሜን! አሜን!» አሉና ወጡ። እኛም ልብ አላልናቸውም። እሳቸው እንኳን ለሰው ለዝናብም አሜን ይላሉ።

ኋላ ሳስበው ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የቃሉ ነው። በቋንቋችን አንድ ሰው «ይቅር» ሲል ምሕረት ማድረጉ ይሁን ግብዣ መሰረዙ የሚለየው ፊቱ ታይቶ ነው። ጋሽ አሜን ደግሞ ያዩት ጀርባዋን ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ተማሪዬ አመመኝ ብሎ ቀረ። የመኪና ማቆም ፈተና ሲቃረብ ሁሉንም ያማቸዋል። እኔም ከባለቤቴ የስፌት ክፍል ጥግ ይዤ ከአስተንትኖው ጋር መታገል ጀመርኩ። ግማሽ ገጽ ያህል ጽፌያለሁ፤ ቃላቱ ያማሩ ናቸው፣ አንዱንም ግን አላመንኩበትም። በዚያ ቤት ተቀምጦ «ምሕረት የቤት ጌጥ ናት» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሊያፍር ይገባዋል። ልጄ ነጩን ቀሚስ ለብሳ ወንበር ላይ ቆማለች። ባለቤቴ ከሥሯ ተንበርክካ ጫፉን እያጠፈች ስፒል ትሰካለች፤ ቀሪዎቹን ስፒሎች እንደ ልማዷ በከንፈሯ ነክሳቸዋለች።

በሩ ብርግድ ብሎ ተከፈተና ታናሿ ገባች። የኬክ ቤት ሽርጧን እንደታጠቀች ናት፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ዱቄት ነው። ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«እትዬ! በማርያም ይዤሻለሁ!» አለች። «ሰርጉ አይቅር!»

ባለቤቴ አፏ ስፒል ስለሞላ ዓይኗን ብቻ አፈጠጠች።

«በእኔ የተነሳ የልጅቷን ቀን አታበላሺ! የምቀረው እኔ ነኝ። ኬኩን ሠርቼ በሰው እልካለሁ፤ የማን እንደሆነም አይነገር። ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ እንኳ አልመጣም። እኔ ልቅር እንጂ ሰርጉ አይቅር፣ እትዬ!»

ልጄ ወንበሩ ላይ ተንገዳገደች። «ሰርጌ? እማዬ! ትናንት ይቅር ያልሽው ሰርጌን ነው እንዴ?»

«እምምም!» አለች ባለቤቴ፣ ራሷን በኃይል እየነቀነቀች።

«እሺ ማለቷ ነው? አባዬ፣ እሺ ማለቷ ነው?»

እኔ ለመመለስ አፌን ስከፍት ጋሽ አሜን እያለከለኩ ደረሱ። ግድግዳውን ይዘው ሳቁ። «እንዴት ያለ ደስታ ነው! ስለ ሰርጉ አንስቼ ‹እህትሽ ይቅር ብላለች› ስላት ቃሌን ሳታስጨርሰኝ በረረች እኮ! ሮጬ መች እደርስባታለሁ?»

«ጋሼ!» ብዬ ጮህኩባቸው። «ምኑን ነው ይቅር ያለችው?»

«እህቷን ነዋ! ትናንት ስለ ይቅርታ ስናነብ አምሽተን መጨረሻው ላይ ልቧ ተነካ። በገዛ ጆሮዬ ሰማኋት። አንዴም አይደል፣ ደጋግማ ነው ያለችው!»

የታናሿ ፊት ላይ ያየሁትን ነገር መቼም አልረሳውም። ሰርጉ ቀረ ብላ ተደናግጣ የመጣች ሴት፣ ምሕረት ተደርጎልኝ ይሆን እንዴ ብላ ስታስብ ታየችኝ። ለማመንም ፈራች።

«እውነት ነው፣ እትዬ?» አለች።

እውነቱን የምናውቀው ሦስታችን ነን። ልጄ እኔን አየችኝ፤ እኔ ወለሉን አየሁ። እግሬ ሳላስበው ፍሬን ፍለጋ ወለሉን ረገጠ። ባለቤቴ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ እያወጣች የእጅ አንጓዋ ላይ ባሰረችው ትንሽ የስፒል ትራስ ላይ ሰካቻቸው። ‹ጌታ ሆይ፣ አንድ ጊዜ ብትዋሽ ምናለበት› ብዬ ጸለይኩ። እንዲህ ያለ ጸሎት ተገቢ መሆን አለመሆኑን አባን እስካሁን አልጠየቅኳቸውም።

«አይደለም» አለች ባለቤቴ። «ጋሼ አልሰሙኝም። እኔ ይቅር ያልኩት ያንቺን መምጣት ነው። ሰርጉማ አለ።»

ጋሽ አሜን ይሄን ግን ሰሙት። ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው አንገታቸውን ደፉ።

ታናሿ ግን «ተመስገን» አለች። «እንኳን ሰርጉ ኖረ። እኔማ ልቅር ብዬ ነው የመጣሁት።» ወንበሩ ላይ በነጭ ቀሚስ የቆመችውን የክርስትና ልጇን ቀና ብላ አየቻት። «እንዴት አምሮብሻል፣ የኔ እናት። ይሄን ካየሁ ይበቃኛል» አለችና ወደ በሩ ዞረች።

እኔ ባለቤቴን አውቃታለሁ። እህቷ አንድ ቀን ሰበብ ይዛ፣ ‹ቀልዴን ነው፣ ምን ያስኮርፋል› እያለች እንደምትመጣ ስታስብ ኖራለች፤ ለዚያች እህት የሚሆን መልስም በልቧ አዘጋጅታ ነበር። ልቅር ብላ ለምትመጣ እህት ግን ምንም አላዘጋጀችም።

«ወዴት ነው?» አለች፣ እንደተንበረከከች።

«ልሄድ ነዋ።»

«ማን አስኪዶሽ!» ድምፁ ከእሷ መውጣቱን እሷም የተጠራጠረች መሰለኝ። «ማን አስቀርቶሽ! ልጅቷን በእቅፍሽ ያስጠመቅሽ አንቺ፣ ቀርተሽ ማን ሊቆምላት ነው?»

ታናሿ ባለችበት ቆማ ማልቀስ ጀመረች፤ እንባዋን በዱቄታም እጇ ስትጠርግ ፊቷ ሊጥ ሆነ። «እትዬ፣ የዚያን ቀን…»

«ተይው።»

«አልተወውም! ቀሚሱ አምሮብሽ ነበር። እኔ ከምድጃ ተነስቼ ፀጉሬን እንኳ ሳላበጥር ነው የመጣሁት። ሰው ሁሉ አንቺን ሲያይ ቀናሁ። በቃ፣ ቀናሁ! ቀንቼ ምን ልበል? መጋረጃ አልኩ!»

ባለቤቴ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ ስፒል ግን አልነበረባትምና ሳቋ አመለጣት። ልጄም ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ጋሽ አሜን ምን እንደተባለ ባያውቁም ከሁላችን በላይ ሳቁ።

«ለሰርጉ ምን ልትለብሺ ነው?» አለች ባለቤቴ፣ ጉልበቷን ይዛ እየተነሳች።

«እንጃ። ያው ያለኝን…»

«ያለሽን አውቀዋለሁ። ሽርጥሽን ፍቺ። ቀጥ ብለሽ ቁሚ።» ከአንገቷ ላይ ሜትሩን ሳበች። «አንተ ደግሞ እዚያ ምን ትቆዝማለህ? ቁጥር ጻፍልኝ።»

እጄ ላይ ያለችው ወረቀት አስተንትኖዋ ብቻ ነበረች። በእነዚያ ባማሩ ቃላት ላይ የታናሿን ትከሻ ጻፍኩ፣ እጅጌዋን ጻፍኩ፣ ከአንገት እስከ ወገቧ ያለውን ጻፍኩ። ባለቤቴ ቁጥሩን የምትጠራው ኮስተር ብላ ነው፤ ደንበኛ እንደመጣላት ሁሉ። ታናሿ እየተንሰቀሰቀች እንደ ተማሪ ዙሪ ስትባል ትዞራለች፣ ቁሚ ስትባል ትቆማለች።

«አሁን ደረትሽን። እጅሽን ዘርጊ።»

ታናሿ ዱቄታም እጆቿን ግራና ቀኝ ዘረጋች። ባለቤቴ ሜትሩን በጀርባዋ ለማዞር ሁለት እጆቿን በእህቷ ብብት ሥር አሳለፈች።

እስክሪብቶዬን ይዤ ቁጥሩን ጠበቅኩ። ቁጥር አልመጣም። ሜትሩ ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር፤ ባለቤቴ ግን እጆቿን አልመለሰችም።