የቅዳሜው ወለምታ

ወንበሬን የደበቁት ቅዳሜ ጠዋት ነው። የት እንደደበቁት ልንገራችሁ? ጓሮ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ ከማሽኑና ከግድግዳው መሀል ወሽቀው፣ በላዩ ላይ አሮጌ አንሶላ ጣል አድርገውበት። የተሰረቀ ዕቃ እንኳ እንዲህ አይደበቅም! እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ፀጉሬን እያበጠርኩ ነበር። የግራ ጎማው ሲጥ ሲጥ እያለ በኮሪደሩ ሲርቅ ሰማሁና "ማነው ወንበሬን የሚገፋው?" ብዬ ጮህኩ። 

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ "ኮምፓስ" ይሉኝ ነበር፤ ሰሌዳው ፊት ሁለት እግሬን አንፈራጥጬ ቆሜ፣ ያለ መሣሪያ በእጄ ብቻ ክብ ስለምሥል። የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ተገልብጦ አከርካሪዬ ከተጎዳ ወዲህ ከወገቤ በታች ያለውን ገላዬን አላዝዘውም፤ ደግሞም አይሰማኝም። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሰው ግን የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። "ውይ፣ መራመድ አትችልም" ብሎ ከንፈሩን ይመጥጥልኝና መንገዱን ይቀጥላል። አለመራመዱንስ ለመድኩት። ጣጣው ያለው አለመሰማቱ ላይ ነው።

እናንተ ስትቀመጡ ሳታውቁት ትቁነጠነጣላችሁ። ገላችሁ "ደከመኝ፣ ዞር በሉ" ይላችኋላ! የኔ ገላ ግን አይናገርም። ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ የወንበሬን የእጅ መደገፊያ በሁለት እጄ ተጭኜ ራሴን ብድግ አደርጋለሁ፤ የተጫንኩት ሥጋ ደም እንዲያገኝ። ከሥሬም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ትራስ አለኝ። ሽንቴንም ሰዓት ጠብቄ በቀጭን ቱቦ ነው የማወጣው። በቃ፣ ሥርዓት ነው። እሱን ካላጓደልኩ እኖራለሁ፣ እሠራለሁ፣ ከፈለጋችሁት ሰው ጋር እከራከራለሁ።

እሠራለሁ ያልኩት ለወሬ አይደለም። ርዕሰ መምህሯ ክፍሌን ከፎቅ ወደ ምድር አውርዳልኝ ነበር። ደረጃው ጎን የሲሚንቶ መወጣጫ አሠርታ፣ ሰሌዳውን ሳይቀር ዝቅ አድርጋ አሰቅላ፣ "ትምህርት ሲከፈት አንቺን ነው የምጠብቀው" አለችኝ። ከአደጋው ወዲህ እንደዚያ ቀን የጓጓሁለት ነገር የለም። የምለብሰውን ሸሚዝ ከቁም ሣጥን አስወጥቼ እያየሁ መልሼ አሰቅል ነበር፤ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ታናሽ እህቴ ልትታጭ ነው፤ የልጁ ቤተሰቦች ለመጀመሪያ ጊዜ እቤታችን ይመጣሉ። ዝግጅቱን የያዘችው የእናቴ ታናሽ፣ አክስቴ ናት። ለቅሶም ይሁን ልደት አዛዥ ናዛዧ እሷ ስለሆነች "ፕሮቶኮል" ነው የምንላት። ፊት ለፊቷ ደፍሮ የሚጠራት ግን የለም፤ ከእኔ በቀር።

ፕሮቶኮል እናቴን አስከትላ ክፍሌ ገባች።

"የኔ ቆንጆ፣ ዛሬ ሶፋው ላይ ብትቀመጪ ምን ይመስልሻል? ከሰው እኩል።"

"ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ከማን አንሼ ነው?"

"እሱማ ምን ክፋት አለው… ሰዎቹ ግን አዲስ ናቸው። ሌላ ነገር እንዳያስቡ ነው። በዘራቸው አለ እንዳይሉ።"

"ምኑ? ሚኒባስ መገልበጡ ነው በዘር የሚመጣው?"

እናቴ አልሳቀችም። "በሞቴ ልጄ" አለችኝ። "ላንድ ሰዓት ናት። ለእህትሽ ስትይ።" እሷ በሞቴ ስትለኝ የምይዘው የምጨብጠው እንደሚጠፋኝ ታውቃለች። እህቴ በሩን ተደግፋ ጣቶቿን ታፍተለትላለች፤ ትንፍሽ አላለችም። እሺ አልኩ። "ግን ትራሴን ከሥሬ አድርጉልኝ" አልኩ። ፕሮቶኮል ሄዳ ትራሱን አመጣችው። ጥቁር፣ የጎማ፣ መልከ ጥፉ ነው። አገላብጣ አየችውና "እንዴ፣ ሶፋው ራሱ ትራስ አይደል እንዴ!" ብላ ወደ ወንበሩ መለሰችው።

ታላቅ ወንድሜ አቅፎ ሶፋው ላይ አስቀመጠኝ። "ወፍረሻል መሰለኝ" ብሎ ቀለደብኝ። ያ ሶፋ የእናቴ የዓይኗ ብሌን ነው። እንግዳ ካልመጣ ልባሱ አይነሳለትም፤ የተቀመጠበትን ሰው እስከ ወገቡ ይውጣል። እግሬን በሻል ሸፈኑልኝ፣ ከኋላዬ ጌጠኛ ትራስ ደረደሩልኝ። እዚያው ተጎለትኩ።

በሩ ሲንኳኳ ቴሌቪዥኑ እየጮኸ ነበር። ፕሮቶኮል "ሪሞቱ! ሪሞቱ የት ገባ?" እያለች ጠረጴዛ ሥር ሳይቀር ተንበርክካ ፈለገች፤ አጣችው። ወንድሜ ሶኬቱን ነቅሎ ገላገለን።

እንግዶቹ ገቡ። ልጁ፣ ዝምተኛ አባቱ፣ እናቱ። እናቱ ደስ የሚሉ፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት ናቸው። ሁሉም ቆሞ ሲሳሳም እኔ ብቻ ተቀምጬ ቀረሁ፤ ሴትየዋ ጎንበስ ብለው ሳሙኝና ግራ ገባቸው። ይሄኔ ፕሮቶኮል ጣልቃ ገባች።

"ይቅርታ ያድርጉላት፤ እግሯን ወለም ብሏት ነው።"

ወለምታ! ሰምታችኋል? ሆስፒታል የተኛሁበት፣ መቀመጥን እንደ ሕፃን እንደ አዲስ የተማርኩበት ያ ሁሉ መከራ፣ በአንድ ትንፋሽ ወለምታ ሆነ! ደሜ ፈላ። ሴትየዋ ደግሞ ከልባቸው አዘኑልኝ። አጠገቤ ተቀምጠው "ውይ እኔን! ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው የኔ ልጅ፤ ለብ ያለ እንዳይሆን፣ የሚፋጅ ነው የሚያሽለው" አሉኝ። እኔ የሚፋጅ ውሃ ውስጥ ብነከር ቆዳዬ ተገሽልጦ እስኪወጣ ድረስ አላውቅም! አፌን ልከፍት ስል የእህቴን ዓይን አየሁት፤ ሊያለቅስ ደርሷል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

አንዷ ሰዓት አለፈች። ሌላም አለፈች። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሳቃል። እኔ ሽንት ቤት ማን ይወስደኛል ብዬ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ በአፌ አልዞረም። ብድግ ልበል ብዬ ሶፋውን በእጄ ስጫነው እጄ እስከ ክንዴ ይሰምጣል። ወንድሜን በሹክሹክታ "እባክህ ትንሽ አንሳኝ" አልኩት። ሊነሳ ሲል ፕሮቶኮል ዓይኗን አጉረጠረጠችበትና በፈገግታ "ለወገቧ ትራስ ጨምርላት!" አለች። ሌላ ትራስ ጨመረልኝ።

ከዚያ ደግሞ ፎቶ ግቢ ውስጥ እንነሳ ተባለ። ሁሉም ግልብጥ ብሎ ወጣ። እኔ ከባዶ ብርጭቆዎች ጋር ቀረሁ። ሳቃቸው በመስኮት ይመጣል፤ "ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ፣ አንድም ሰው እንዳይቀር" ትላለች ፕሮቶኮል። ጉድ እኮ ነው።

ሲጨላልም ሸኟቸው። እህቴ አልጋዬ ላይ ልታስተኛኝ በብብቴ ይዛ አነሳችኝ፤ ከዚያ ቀጥ ብላ ቀረች።

"ሪሞቱ" አለች።

"ምን ሆነ?"

"አገኘሁት።"

ከሥሬ ነበር። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ በጠንካራ ፕላስቲክ ላይ ተቀምጬ ስስቅ ዋልኩ። አልጋ ላይ ገልብጣ ስታየኝ ቁልፎቹ ሳይቀሩ ቆዳዬ ላይ ታትመዋል። ፕሮቶኮል አንገቷን በበሩ አስግጋ "ለካ አንቺ ነሽ የደበቅሽው!" ብላ በሳቅ ፈነዳች። ደባቂዋማ እኔ ሆንኩ! ቆሽቴ አረረ።

ቅላቱ በጣት ሲጫኑት አልሳሳም፤ መጥፎ ምልክት ነው። በማግስቱ ጠቆረ። ከዚያ ቆዳው ተከፈተ። ወንድሜ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ዶክተሩ ቁስሉን አይቶ ቀና አለና ወንድሜን "መቼ ነው የጀመራት?" አለው።

"እኔን ይጠይቁኝ ዶክተር" አልኩት። "የተጎዳው አከርካሪዬ ነው፤ አፌ አይደለም።"

አፈረ መሰለኝ፣ ወደ እኔ ዞሮ አስረዳኝ። በሆድሽ ትተኛለሽ፤ ቁስሉ ከሥር እስኪሞላ መቀመጥ የሚባል የለም፤ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ አጥንት ከደረሰ ደግሞ ሕይወትሽንም ያሰጋል አለኝ። ትምህርት የሚከፈተው በሚቀጥለው ሳምንት ነበር።

ለርዕሰ መምህሯ ደወልኩ።  "ልጆቹን ያለ አስተማሪ ማስቀመጥ አልችልም፤ ሌላ ሰው መመደቤ ነው" አለች፣ ድምፅዋ እየተሰበረ። "ይገባኛል" አልኳት። ምን ልበል? የገዛ እናቴ ቤት፣ በገዛ እናቴ ሶፋ ሥራዬን አጣሁ ልበላት? ስልኩን ዘግቼ የራስጌ ትራሴን ነከስኩ። አለቀስኩ፤ በንዴት ነው ያለቀስኩት።

እቤት ውስጥ "የአልጋ ቁስል" ነው የሚሉት። አልጋው ምን በደለ? አልጋው ያን ቀን ባዶውን ነው የዋለው! ፕሮቶኮል ስትመጣ "ከላይ የመጣ ነው፣ ምን ይደረጋል" ትላለች። ወንበሬም ለጊዜው አያስፈልጋትም ተብሎ እዚያው ጓሮ አንሶላውን እንደለበሰ ቀረ። እናቴስ? እናቴ የምወደውን ሁሉ እየሠራች በእጇ ታጎርሰኛለች፣ እግሬን ቅባት ትቀባኛለች። እህቴ ፋሻውን ስትፈታ ግን ብድግ ብላ ትወጣለች። "አንጀቴ አይችልም" ትላለች። ቁስሉን አንድም ቀን አላየችውም። በእሷ አንጀት ምክንያት የኔ ገላ ብቻውን ይቁሰል?

ትምህርት ከተጀመረ ሰነባብቷል። አንድ ጠዋት እህቴ ፋሻውን ፈትታ ቁስሉን በጨው ውሃ እያጠበችልኝ ሳለ የሙሽራው እናት ድምፅ ከሳሎን መጣ። ሳይነግሩን ነው የመጡት። "ወለምታዋ እስካሁን አልተዋትም ሲሉኝ ጊዜ ቅባት ይዤላት መጣሁ" ይላሉ። "ተኝታለች" ትላለች ፕሮቶኮል። ወዲያው እናቴ በእግሯ ጣት እየተራመደች ገባችና በሩን ከኋላዋ ገጠም አደረገችው።

"ቀስ ብላችሁ አውሩ፤ እንግዳ አለ።"

"እማዬ፣ ነይ እይው።"

"ኋላ ልጄ፣ ሴትየዋ…"

"አሁን እይው!" አልኳት፤ የኋላ ወንበር ላይ የሚያወራ ልጅ በማስነሳበት ድምፅ።

መጣች። እህቴ ዞር አለችላት። እኔ በሆዴ ተኝቼ ስለነበር ፊቷን አላየሁትም፤ ትንፋሿ ሲቆም ግን ሰማሁት። ያየችው እንቁላል የሚያስቀምጥ ጉድጓድ ነው።

"ያምሻል ልጄ?" አለች፣ ድምፅዋ ጠፍቶ።

"አያመኝም።"

"ተመስገን!"

"ምኑ ነው ተመስገን?" ብዬ ጮህኩ። "አያመኝም እኮ ነው ጣጣው! ቢያመኝማ ያን ቀን እንግዶችሽ ፊት ቤቱን በጩኸት አፈርሰው ነበር። ገና ሪሞቱ ሲቆረቁረኝ አንሱኝ እል ነበር። የኔ ገላ ለራሱ አይጮህም እማዬ። የሚጮህለት ሰው ነው የሚያስፈልገኝ። አንቺን ነበር የተማመንኩት፤ አንቺ ደግሞ ከእንግዳ ደበቅሽኝ!"

 ጩኸቴን ሳሎን ያሉትም ሰምተውታል። እናቴ በሩን ከፍታ ወጣች፤ አልዘጋችውም። እግሯ ወደ ሳሎን ሳይሆን ወደ ጓሮ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ መጣ። በኮሪደሩ አለፈ፣ በበሬ ፊት አለፈ፣ ሳሎን ገባ።

"ኧረ እህቴ! ምን ነካሽ?" አለች ፕሮቶኮል።

"ዞር በይልኝ" አለቻት እናቴ። ከዚያ ለእንግዳዋ ነገረቻቸው፤ ጮክ ብላ። "ወለምታ አይደለም። አከርካሪዋ ተጎድቶ ነው፤ መሄጃዋ ይሄ ወንበር ነው። እናንተ እንዳታዩብን ብዬ የደበቅሁት እኔ ነኝ። ሶፋው ላይ አስቀምጠናት ቆሰለች።"

 "ምነው ያኔ ብትነግሩኝ?" አሉ ሴትየዋ። "አጠገቧ አልነበርኩም እንዴ? እኔው ደግፌ አነሳት ነበር እኮ።"

እህቴ ንጹሑን ፋሻ ለጥፋ ስትጨርስ ጎንበስ ብላ አቀፈችኝ። እንባዋ አንገቴ ላይ ወረደ፤ አንገቴ ይሰማል። ቀና ብዬ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነበር። "ወለምታ አይደለም"፤ ሁለት ቃል ናት። ያን ቅዳሜ ከአንዳቸው አፍ ወጥታ ቢሆን ኖሮ እኔ በዚያች ሰዓት ሰሌዳዬ ፊት ነበርኩ።