ጃፓናዊቷን የሸለምኩ ዕለት

ባሌን ጥዬው ልሄድ ነበር። ምን ያሽሞነሙነኛል፣ ነገሩ ይኸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ኖረን፣ ልጅ አሳድገን፣ ለኦክላንድ ቤት ኪራይ ስንገብር እዚህ ደርሰን፣ ኃይለ ከእኔ ጋር ማውራት አቆመ። አልተጣላንም። ቢጣላኝማ ምን ነበረበት! ጠብም እኮ ወሬ ነው። እሱ ግን ምንም ልበለው ምን መልሱ አንድ ነው። ቧንቧው ያፈሳል ስለው «እሺ»። ልጃችን ሰምሃር እሁድ ትመጣለች ስለው «እሺ»። ሰምሃር አትመጣም ስለው «እሺ»።

ይሄን ሁሉ ችዬ ነበር። ያልቻልኩት የፋሲካ ሰሞኑን ነው። ከሆስፒታል ደውለው ጡትሽ ላይ እብጠት ታይቷል፣ ናሙና እንወስዳለን አሉኝ። እንባዬን እንዳያይ ጀርባዬን ሰጥቼው፣ ዕቃ እያጠብኩ ነገርኩት። «እሺ» አለኝ። ከዚያ ሶፋው ላይ ሄዶ ተቀመጠና ሄድፎኑን ጆሮው ላይ ደፋ። ብቻዬን ሄድኩ፣ ብቻዬን ተመለስኩ። እግዚአብሔር ይመስገን እብጠቱ ክፉ አልነበረም። ለእሱ ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ ያልጠየቀኝን ምን ብዬ ልንገረው?

ሄድፎኑ ውስጥ ማን እንዳለች ደግሞ ደረስኩባት። ጃፓኖች ናቸው! አራት ሆነው ሮክ የሚጫወቱ ልጆች፤ ዘፋኟ ፀጉሯ ቅንድቧን የሸፈነው ሚጢጢ ልጅ፣ ጊታሩ እሷን ያክላል። ኃይለ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ኤርፖርት አውሮፕላን ሥር ሻንጣ ሲጭን ኖሮ አምና ነው ጡረታ የወጣው። ጃፓንኛ አንድ ቃል አያውቅም። በወጣትነታችን አዲስ አበባ ካሴቱ እስኪበላሽ ሲሰማው የነበረውን የኛን ዘፈን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ ሌት ተቀን እነዚህን ያዳምጣል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ! የእኔን ድምፅ ጠልቶ የእሷን ወደደ ማለት ነው አልኩ። ቀናሁ፤ ምን እዋሻለሁ።

ልጄ ሰምሃር ሳንሆዜ ነው የምትኖረው። ደወልኩና «ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ አንቺ ጋ ልገባ ነው» አልኳት። «ኦኬ ማሚ፣ ባት አር ዩ ሹር?» አለችኝ። ለእሱም ማክሰኞ ነገርኩት። ቲቪ እያየ ነበር። «ኃይለ፣ እኔ ሰምሃር ጋ ልገባ ነው፤ በቃኝ» አልኩት። «እሺ» አለ፣ ዞርም ሳይል። ለሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር አንድ «እሺ»! የዚያን ቀን ልቤ ቁርጥ አለ።

ሐሙስ ማታ ደግሞ ስልኩን ይዞ መጣና ዘረጋልኝ። ትኬት ነው፣ ሁለት። ጃፓኖቹ ቅዳሜ ሳንሆዜ ይጫወታሉ። «ትመጫለሽ?» አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። ከማክሰኞ በኋላ እንዲህ ማለቱ አናደደኝ። ግን ልያት ብዬ ተነሳሁ። ማናት ሰውዬዬን የወሰደችው? ደግሞም ሳንሆዜ ከሆነ፣ ሲያልቅ ሰምሃር ቤት በር ላይ ያወርደኛል፤ እዚያው እቀራለሁ። ከዚያ ወዲያ ምን የወሩን መጀመሪያ ያስጠብቀኛል?

ቅዳሜ ሳንሆዜ ወረድን። አዳራሹ መሃል ከተማ ነው፣ ወንበር የሚባል የሌለው። ወጣቱ ሁሉ ጥቁር ለብሶ ቆሟል። እኔ ነጠላዬን ባላደርግም የቤተ ክርስቲያን ጫማዬን አድርጌ ነበር፤ አወይ ጥፋቴ! በሩ ላይ አንዲት ልጅ የጆሮ መድፈኛ በነፃ ታድላለች። እኔ ወሰድኩ። ኃይለ በእጁ አያስፈልገኝም አላት።

ሙዚቃው ሲጀመር ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ጆሮዬን ደፍኜም ጥርሴ ውስጥ ይሰማኛል። እነዚህ ልጆች የሚገርም ጨዋነት አላቸው፤ ዘፈን ሲሆን ይዘላሉ፣ ሲያልቅ ያጨበጭባሉ፣ ከዚያ ሁሉም ጭጭ ይላል፣ ቅዳሴ ላይ ያሉ ይመስል። ዘፋኟም በዚያ ጸጥታ ውስጥ ጊታሯን ትቃኛለች፣ ማንም አይተነፍስም።

እኔ ግን መድረኩን ትቼ ኃይለን ነበር የማየው። አንድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጓል። ይስቃል! ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አጠገቡ ያለው ባለ ንቅሳት ጎረምሳ ትከሻውን መታ ሲያደርገው እሱም መልሶ መታ አደረገው። ያ ቤት ውስጥ እንደ ዕቃ የተቀመጠው ሰው፣ ሃያ ዓመት ወርዶለት አየሁት። ልጠላት የመጣኋትን ልጅ መጥላት አቃተኝ። እኔ ሁለት ዓመት ለምኜ ያላገኘሁትን ፈገግታ እሷ በሦስት ዘፈን አወጣችው። እንግዲህ እኛ ዘንድ፣ ሰውህን እንዲህ ያስደሰተልህን ዘፋኝ ሳትሸልም ትሄዳለህ? ነውር ነው!

ዘፈኑ አልቆ ጭጭ እንዳሉ ከቦርሳዬ ሃያ ዶላር አወጣሁ። «ኤክስኪውዝ ሚ፣ ኤክስኪውዝ ሚ» እያልኩ ሰንጥቄ አለፍኩ። መድረኩ ዝቅተኛ ነው፤ ወጣሁ። ልጅቷ ዓይኗን አፍጣ ቀረች። ፀጉሯን ገለጥ ሳደርገው ግንባሯ በላብ ረጥቧል፤ እኔም ሃያ ዶላሯን ለጠፍኩላት፣ «እሰይ የኔ ልጅ፣ እደጊ!» ብዬ።

አዳራሹ ደነገጠ። ለካ ይሄን የምናደርገው እኛ ብቻ ነን! ልጅቷ ብሩን በሁለት እጇ ከግንባሯ አነሳችና ወገቧ እስኪታጠፍ እጅ ነሳችኝ። እጅ መንሳት እኔም አላንስም፤ ነሳኋት። ደገመች። ደገምኩ። ሕዝቡ በሳቅና በጭብጨባ ፈነዳ። ያኔ ነው አንድ ግንድ የሚያክል ጠባቂ ክንዴን ይዞ ያወረደኝ።

ኃይለ ላቡን እየጠረገ ተከተለን። ጠባቂው ከበሩ ውጪ፣ መተላለፊያው ላይ አቆመንና ለኃይለ በእንግሊዝኛ፣ ረጋ ብሎ ነገረው። ሚስትህ ዳግመኛ መድረክ ላይ እንዳትወጣ፤ አሁን ትመለሳላችሁ ወይስ ትሄዳላችሁ? አለው።

«ኦኬ፣ ታንክ ዩ» አለ ኃይለ።

«ኖ ሰር፣ ስቴይ ኦር ሊቭ?»

«ኦኬ፣ ኦኬ» አለ ኃይለ፣ ፈገግ ብሎ።

ሰውየው ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ። እኔ ግን የኃይለን ዓይን እያየሁ ነበር። ዓይኑ የሰውየው ከንፈር ላይ ተለጥፏል። ይሄን አስተያየት አውቀዋለሁ! ለሥራ አላሜዳ ከተማ የዘጠና ዓመት አሮጊት ነው የምጠብቀው፤ ያልሰማችውን ሁሉ በፈገግታ የምታሳልፍ። የመስሚያ ማሽኗን ጆሮዋ ላይ ጠዋት ጠዋት የማደርግላት እኔ ነኝ። የሰው አሮጊት ጆሮ ስጠብቅ የራሴን ባል አላየሁትም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ለእኔ ነው።

ቀስ ብዬ ከኋላው ዞርኩ። «ኃይለ» አልኩ። ዝም። «ኃይልዬ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ጠባቂው ሳይቀር ዞረ፤ ባሌ አልዞረም። ግድግዳውን ያዝኩ።

ከዚያ ፊት ለፊቱ ቆምኩና፣ አሮጊቷን እንደማናግራት፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ፣ ቀስ ብዬ ጠየቅኩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ለመካድ አሰበ፤ አየሁት። ከዚያ ትከሻው ወረደ። «ሁለት ዓመት አለፈው» አለኝ። «ሐኪሙ የአውሮፕላኑ ጩኸት ነው ለዚህ ያደረሰህ አለኝ። ቀጭን ድምፅ ነው ቀድሞ የሚጠፋው። የሴት ድምፅ።»

«ለምን አትነግረኝም፣ አንተ ሰው?»

«መጀመሪያ ሰሞን ምን አልሽ ስልሽ ደገምሽልኝ። ሁለተኛ ስጠይቅሽ ተቆጣሽ። ሦስተኛ ስጠይቅሽ ‹ጆሮህን ታጠብ!› ብለሽ ጥለሽኝ ገባሽ። ከዚያ ወዲያ መጠየቅ ፈራሁ፤ እሺ ማለት ይቀላል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ብዬዋለሁ እኮ! ምላሴ ይቆረጥ፣ ብዬዋለሁ።

«ታዲያ ጃፓኖቹን እንዴት ሰማሃቸው?»

«የኛን ዘፈን ስሰማ፣» አለ፣ «በቃሌ የማውቀው ግጥም እየተቆራረጠ ይመጣል። ምን እንደጎደለኝ አውቀዋለሁ። ሆዴን ይበላኛል። የእነሱን ግን ድሮም አላውቀው፤ ከበሮው ደረቴን ይመታኛል፣ በቃ፣ ምንም አልቀረብኝም። እዚህ አዳራሽ ካለው ሰው ግማሹ ቋንቋውን አይሰማም። እንደ ሰው ነኝ እዚህ።»

ከግድግዳው ወዲያ ሙዚቃው እንደገና ጀመረ። ጠባቂው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየና በሩን በእጁ ከፍቶ ያዘልን። ገባን። የቀረውን ሁሉ ከኋላ ቆመን ሰማን፤ እኔም መድፈኛዬን አውልቄ እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ። ዱም፣ ዱም ይላል። እውነቱን ነው፣ ይመታል።

መኪናችን ውስጥ ስንገባ ሞተሩን አላስነሳም። የውስጡን መብራት አበራ፣ ከንፈሬን እንዲያይ።

«ምን ምን አመለጠኝ?» አለኝ።

ከየት ልጀምር? የቧንቧውን ልንገረው? የፋሲካውን ነገርኩት። ጡቴን በእጄ እያሳየሁ፣ አንድ በአንድ፣ የሆስፒታሉን ስልክ፣ ዕቃ ማጠቢያው ጋ የነገርኩትን፣ መርፌውን፣ ውጤቱን የጠበቅኩባቸውን ዘጠኝ ቀናት። «ደህና ነኝ፣ ምንም አይደለም አሉኝ» የሚለውን ሦስት ጊዜ ደገምኩለት፣ እንዳያመልጠው።

«ብቻሽን ነው የሄድሽው?»

«ብቻዬን።»

«እኔ ምን አልኩ?»

«እሺ አልከኝ።»

መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። አባቱ የሞቱ ጊዜ እንኳ እንዲህ ሲያለቅስ አላየሁትም። ጀርባውን እያሻሸሁ ማክሰኞ ያልኩትንም ነገርኩት፤ ሰምሃር እንደምትጠብቀኝ፣ እዚያ ልቀር እንደነበር። ቀና ብሎ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ።

«ከእንግዲህ እሺ ካልኩሽ አትመኚኝ» አለ። «ሰኞ ሐኪሙ ጋ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ፤ አንተም ምላሴን የሚያሳጥርልኝ ሐኪም ፈልግልኝ» አልኩት። ሳቀ። ለሰምሃር «ዛሬ አልመጣም፣ ነገ እደውላለሁ» ብዬ ቴክስት አደረግኩላት፤ ወዲያው ልብ ብቻ ላከችልኝ።

ሞተሩን አስነስቶ ከፓርኪንጉ ወጣ። ቀይ መብራት ላይ ቆምን፤ በግራ ወደ ሰምሃር፣ በቀኝ ወደ ኦክላንዱ ሃይዌይ ነው። ቀስ ብዬ አንድ ነገር አልኩት። ልማዱ እንደሆነ ራሱን ሊነቀንቅ ጀመረና ተወው። ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አልሽ?» አለኝ።

«ወደ ቤት!» አልኩት፣ በሙሉ ድምፄ።