ቦታ ልትይዝልኝ የተሳፈረችው አክስቴ

አክስቴ የአውሮፕላን ትኬት የገዛችው ልትበር አይደለም። ቦታ ልትይዝልኝ ነው።

እኔ የጥርስ ላብራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ሰው ሠራሽ ጥርስ እየሞረድኩ፣ በአክስቴ የተነሳ የራሴን እያፋጨሁ እኖራለሁ። በዚያ ሰሞን በአውሮፕላን የሚኬድበት ሌላ ከተማ ውስጥ ያለ ትልቅ ላብራቶሪ ቀጠረኝና ጮቤ ረገጥኩ። ደስ ያለኝ በሥራው ብቻ አልነበረም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ካሳደገችኝ አክስቴ ተለይቼ፣ የራሴን በር በራሴ ቁልፍ ቆልፌ፣ ብቻዬን ልኖር ነው። አክስቴን አልወዳትም ማለቴ አይደለም፤ እወዳታለሁ። ግን ፍቅሯ አያፈናፍንም። ጫማዬን ሳላወልቅ ካልሲዬ እርጥብ መሆኑን የምታውቅ ሴት ናት።

የአክስቴ ሙያ፣ ሙያ ከተባለ፣ ቦታ መያዝ ነው። ሰፈሩ በሙሉ «እማማ ተይዟል» ነው የሚላት። ክሊኒክ ወረፋ ካለ አግዳሚው ላይ ታገኟታላችሁ፤ አንዱ ጫፍ ላይ ራሷ፣ መሀሉ ላይ ሻርፗ፣ ወዲያኛው ጫፍ ላይ አንድ እግር ጫማዋ። ሰው ጠጋ ሲል «ተይዟል!» ትላለች። ትምህርት ቤት ፊተኛው ዴስክ ላይ የተቀመጥኩት ጎበዝ ስለነበርኩ ሳይሆን እሷ በማለዳ ሄዳ ስለምትቀመጥበት ነው፤ አስተማሪው ስሜን ሲጠራ እሷ «አቤት» ያለችበት ቀን አለ። አንድ ጊዜ አዳራሽ ውስጥ «ተይዟል! ተይዟል!» እያለች ስትጮህ ሌባ የተያዘ መስሎት እግሬ አውጪኝ ያለ ሰውዬ ነበር። ለካስ ሌባው ራሱ ኖሯል፤ በሩ ላይ ቀለቡት።

ትርፍ አንጀቴን ያመመኝ ጊዜ ደግሞ ባሰ። ሆስፒታሉ አልጋ የለውም ሲባል ሰማችና ቀድማኝ ሄዳ ባገኘችው ባዶ አልጋ ላይ ተኛች። እኔ ሆዴን ይዤ ስደርስ ነርሶቹ የእሷን ሆድ በአልኮል እየጠረጉ ነበር። «ለእሷ ነው የያዝኩት» ብላ ተነሳችልኝ። ሁልጊዜም እንዲሁ ናት፤ ባለቤቱ ሲመጣ ትነሳለች፣ ከዚያ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ታየናለች።

ትኬቴን የቆረጥኩት ከርካሽ አየር መንገድ ነው። ርካሽ ስላችሁ፣ ውሃ አምጡልኝ ማለት የሚያሳፍርበት ዓይነት ነው። በማግስቱ ስልኬ ላይ መልእክት መጣ፦ «መቀመጫዎ አልተመደበም፤ ሲገቡ የፈለጉትን ይመርጣሉ።» አክስቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው።

«መቀመጫዬንማ ከእናቴ ሆድ ይዤው ወጥቻለሁ፤ ደግሞ ምኑ ይመረጣል?» አለች።

«ወንበር ማለታቸው ነው፣ አክስቴ። ቀድሞ የገባ ደስ ባለው ቦታ ይቀመጣል።»

ምነው ምላሴን በቆረጠው! ዓይኗ ቦግ አለ።

«ቀድሞ የገባ? እንግዲያው እኔ ትኬት እገዛለሁ። ቀድሜ እገባለሁ፣ ከፊት፣ መስኮቱ ጋ፣ ፀሐይ በሌለበት በኩል ይዤ እጠብቅሻለሁ። ስትመጪ ተነስቼ እወርዳለሁ።»

«አውሮፕላን ነው እኮ አክስቴ! አንዴ ከገቡ አይወረድም!»

«በር የለውም?» አለችኝ።

በር አለው። በዚህ ረታችኝ። የቀረውን ሰሞን ያሳለፍኩት ትኬቱ እንዲያልቅ እየጸለይኩ ነው፤ አላለቀም። ካልጠፋ ጸሎት ይሄኛው ሳይሰማልኝ ቀረ። ያን ጊዜ የያዘኝ ፍርሃት አንድ ብቻ ነበር፦ ይቺ ሴትዮ አንዴ ከተሳፈረች አትወርድም፤ አብራኝ ትሄድና የተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ አንዲት አልጋዬ ላይ፣ ቦታ ትይዝልኛለች።

በበረራው ቀን ጠዋት አክስቴ በሩ ገና ሳይከፈት ከሰልፉ ፊት ነበረች። ሻርፗን ደርባለች፣ ጫማዋን በቀላሉ የሚወልቀውን አድርጋለች። ከኋላዋ ባርኔጣ ያደረጉ ጡረተኛ ዳኛ ቆመዋል። ሰልፉ እየረዘመ ሲሄድ ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ።

«ክቡራን መንገደኞቻችን፣ ድርጅታችን ከዛሬ ጀምሮ ወንበር መመደብ መጀመሩን በደስታ እንገልጻለን።»

ሰልፉ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ዳኛው «እሰይ! ምደባ ሥልጣኔ ነው፤ ሰው እንደ ከብት በግፊያ አይገባም» አሉ። ትልቅ ሻንጣ የያዘች ነጋዴ ደግሞ ቱግ አለች። «የምን ሥልጣኔ? ምደባ ማለት ሰነፍ አልጋው ላይ ተኝቶ የእኔን መስኮት ሲወስድ ማለት ነው!» አክስቴ ከሁለቱም ወገን አልነበረችም። ወደ እኔ ዞረች።

«ተመድቧል ማለት ምን ማለት ነው?»

«ለሁሉም ቦታ ተሰጥቶታል ማለት ነው። መሽቀዳደም የለም።»

«የዘገየ ሰውስ?»

«ቢዘገይም ቦታው ይጠብቀዋል።»

«ታዲያ እኔ ለምን ተፈጠርኩ?» አለች።

አንጀቴን በላችው። ደስም አለኝ፤ ሁለቱም እውነት ነው። እንግዲህ የምትይዘው ነገር ስለሌለ ወደ ቤቷ ትመለሳለች ብዬ ነበር። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ትኬቷን አሳይታ ገባች።

እኔ የደረሰኝ ክንፉ ላይ፣ መሀል ወንበር ነው። በአንድ በኩል ጉልበቱ አገጩ ጋ የሚደርስ ረጅም ሰውዬ፣ በሌላው በኩል ገና ሳይቀመጥ ያንኮራፋ ሰው። ለአክስቴ የደረሳት መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ሽንት ቤቱ በር ሥር ነው። ዓይኔን ጨፍኜ «ዝም ትበል፣ ዝም ትበል» እያልኩ ብጸልይም፣ ድምፅዋ ከወዲያ ከፊት በኩል መጣ። ከፊተኛው ረድፍ መስኮት ጋ፣ ፀሐይ በሌለበት በኩል የተመደቡት እኚያ ዳኛ ናቸው።

«አባቴ፣ ከዚህ ቦታ ቢነሱልኝ?»

«ወይዘሮ፣ ይህ ወንበር በአግባቡ የተሰጠኝ ነው። ሕግ ሕግ ነው።»

«አውቃለሁ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ሆነን ሽንት ቤት ሲመላለሱ ቦታዎን የያዝኩልዎ ግን እኔ ነኝ። እኔ የተመደብኩት በሩ ሥር ነው፤ እጅዎን ቢዘረጉ ይደርስዎታል።»

የዳኛው ጆሮ ቀላ። ግራ ቀኙን አዩ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«ልውውጥን በግልጽ የሚከለክል አንቀጽ አላጋጠመኝም» አሉና ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ኋላ ነጎዱ። አክስቴም ሻርፗን ባዶው ወንበር ላይ ጣል አድርጋ «አንቺ! ነይ!» ብላ ጠራችኝ።

በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ ረጅሙ ሰውዬ አጠገቤ ሆኖ ሁሉንም ሰምቶ ኖሮ «መለዋወጥ ይቻላል እንዴ?» ብሎ ብድግ አለ። እሱ ብድግ ሲል አውሮፕላኑ ብድግ አለ። መስኮት የሚፈልገው መተላለፊያ ካለው፣ ክንፍ የሚፈራው ክንፍ ከሚወደው፣ ልጅ የሚያለቅስበት መስማት ከተሳነው ጋር ሊቀያየር ተነሳ። ነጋዴዋ ሻንጣዋን እንደ ጋሻ ይዛ «ድሮም ብያለሁ! ድሮም ብያለሁ!» እያለች ከፊት ረድፍ፣ በወዲያኛው፣ ፀሐይ ባለበት በኩል ባለው መስኮት ሥር ገባች። ሆስተሷ በማይክሮፎኑ «እባካችሁ በተመደበላችሁ ወንበር...» ብላ ጀመረች፤ የሚሰማት ሲጠፋ ማይክሮፎኑን ለአክስቴ ሰጠቻት።

እላችኋለሁ፣ አክስቴን እንደዚያ ቀን አምሮባት አይቻት አላውቅም። መተላለፊያው መሀል ቆማ «አንተ ረጅሙ፣ መውጫው በር ጋ! አንቺ ሆድሽ የገፋው፣ ዳር ላይ! ያ የሚያንኮራፋው አይነካ!» ትላለች። አንድ ጎልማሳ ተጠግቶ በሹክሹክታ «እናቴ፣ እኔን ከሚስቴ ራቅ ያድርጉኝ» አላት።

«ተጣልታችሁ ነው?»

«ኧረ አይደለም። ትንሽ እንድትናፍቀኝ ብዬ ነው።»

«ዓይን አውጣ! ሂድ ጎኗ ቁጭ በል!» አለችው፤ ሄዶ ተቀመጠ። በመጨረሻ ሆስተሷ ራሷ የአክስቴን ሻርፕ ክንዷ ላይ አንጠልጥላ «እማማ፣ ይቺን ሴትዮ የት ላድርጋት?» እያለች ታማክራት ጀመር።

ሁሉም ተቀመጠ። የሚገርመው፣ ያጉረመረመ አንድም ሰው አልነበረም። እኔ ከፊት፣ መስኮቱ ጋ፣ ፀሐይ በሌለበት በኩል ነኝ። ባዶ የቀረው ወንበር የእኔ አጠገብ ያለው ብቻ ነው።

«እማማ፣ ይቀመጡ፤ በሩን ልንዘጋ ነው» አለች ሆስተሷ።

አክስቴ ቀና ብላ፣ ታክሲ ውስጥ እንዳለች፣ ጮክ ብላ «ወራጅ አለ!» አለች።

«የት ነው የሚወርዱት?»

«እዚሁ።»

«ገና አልተነሳንም እኮ!»

«ከተነሳንማ እንዴት እወርዳለሁ?»

ሆስተሷ ግራ ገባትና ካፒቴኑን ጠራችው። ካፒቴኑ ወጥቶ አክስቴን ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«ትኬት አለዎት?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አይሄዱም?»

«ማን ጠራኝና?» አለች።

«እናቴ፣ ቆሞ የሚበር ሰው የለም። ወይ ይቀመጡ፣ ወይ ይውረዱ።»

ያን ጊዜ አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። አንድ እጇ የወንበሩን ጫፍ ይዟል። ላቧ ግንባሯ ላይ ወርዷል፣ ሻርፗ የለም፣ አንድ ጫማዋ የት እንደገባ እንጃ። አይታኝ አይታኝ፣ «ምን ላድርግ?» አለችኝ። በሕይወቴ ምን ላድርግ ብላኝ አታውቅም፤ ምን እንደማደርግ ትነግረኝ ነበር እንጂ። አውሮፕላኑ ሙሉ ሰው አንገቱን አስግጎ መልሴን ይጠብቃል።

ቁልፌ ኪሴ ውስጥ ነበር። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ፣ ማንም ሳያውቅብኝ የሚረጥብ ካልሲ። ስጸልይ የሰነበትኩት ለዚህ ነው። «ውረጂ» ማለት ሦስት ፊደል ናት። አፌ ግን አንድ ፊደል ጨመረ።

«ተቀመጪ» አልኳት። «ተቀመጪ አክስቴ፣ አብረን እንሂድ።»

ከልቤ ነበር።

ተቀመጠች። መጀመሪያ ጫፉ ላይ፣ ቀስ ብላ ደግሞ ወደ ኋላ ተደላድላ። ሁለት እጆቿን ሁለቱ መደገፊያ ላይ አደረገች። ጣሪያውን አየች፣ ከፊቷ ያለውን ግድግዳ አየች፣ ማንም እንደማያስነሳት ለማረጋገጥ ይመስል ዞር ብላ ሰዉን አየች። ማንም አላስነሳትም።

«ይመቻል» አለች። ቀጥላ ተነሳች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ቤቴ።»

«ተቀመጪ አልኩሽ እኮ!»

«ሰማሁሽ። ተቀመጥኩም። የሚለኝ ሰው አጥቼ ነው እንጂ እኔስ መቀመጥ መች ጠላሁ? አሁን ካለሽኝ፣ ቤቴም ሆኜ እቀመጣለሁ።» ጎንበስ ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ለሆስተሷም «ክፈቺልኝ እንጂ ልጄ፣ ሰዉን አስረፈድሽው» አለቻት።

ወረደች። በሩ ተዘጋ። ወዲያው ወደ መስኮቴ ዞርኩ፤ የሚታየው የነዳጅ መኪናና ሣር ብቻ ነው። ሕንፃውም፣ መሰላሉም፣ አክስቴም ያሉት ፀሐይ ባለበት በኩል ነው። ከስንት ወንበር መሀል መርጣ የያዘችልኝ እሷን የማያሳየኝን መስኮት ነው። ተናደድኩ፤ በእሷ ይሁን በመስኮቱ እንጃ። ቀበቶዬን ፈትቼ ብድግ አልኩ።

«እህቴ፣ አንድ ጊዜ ቦታ እንቀያየር» አልኳት ነጋዴዋን።

«ኧረ በቃ!» አለ አውሮፕላኑ በአንድ ድምፅ። ሆስተሷ ጭንቅላቷን ያዘች። ነጋዴዋ ግን ዓይኔን አየችና ተነሳችልኝ፤ ግንባሬን መስተዋቱ ላይ ለጠፍኩት።

አክስቴ አስፋልቱ ላይ ቆማለች። በዚህ በኩል እንደሌለሁ ታውቃለች፤ ራሷ ናት ወዲያ ያስቀመጠችኝ። ቢሆንም ከኋላ ጀምራ ለየመስኮቱ፣ አንድ በአንድ፣ እጇን ታወዛውዛለች። ዳኛው ባርኔጣቸውን አነሱላት። ባልና ሚስቱ አብረው አወዛወዙላት፤ ረጅሙም፣ ሆዷ የገፋውም አወዛወዙ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ በሁለት እጄ መስተዋቱን ደበደብኩ፣ «አክስቴ!» ብዬ ጮህኩ። ፀሐዩ መስተዋቱ ላይ አንጸባርቆ ዓይኗን ወግቷት ነበር፤ እጇን ለሁሉም እንዳወዛወዘችው አወዛወዘችልኝና ከፊት ጀምራ እንደገና ወደ ኋላ ሄደች።